ሞናኮ እንሂድ ያልኳቸው ሰዎች

ሰው እያየኝ «እንብላ» ሳልል የጎረስኩት አይወርድልኝም። ምን ላድርግ፣ ያደግሁት እንደዚያ ነው። እናንተም ከኔ የተሻላችሁ አይመስለኝም። «እንብላ» ያለ ሰው እኮ ምሳዬን ውሰድልኝ ማለቱ አይደለም። አየሁህ፣ አልናቅሁህም ማለቱ ነው። የተባለውም ሰው ሆዱ እየጮኸም ቢሆን «ብሉ፣ አሁን ከምሳ ተነሳሁ» ብሎ ያልፋል። ተከባበሩ፣ ምሳውም ከባለቤቱ ጋር ቀረ። ከዚህ ያማረ ስምምነት የት አገር አለ?

ችግሩ ሜኒሶታ በዚህ ስምምነት ውስጥ የለችበትም።

እዚያው ሜኒሶታ፣ ፕሊማውዝ የምትባል ከተማ ውስጥ አንድ ቢሮ ነው የምሠራው። ስልክ እመልሳለሁ፣ የደንበኛ አቤቱታ እሰማለሁ። እዚያ ግሬግ የሚባል ረጅም፣ ጨዋ ሰው አብሮኝ ይሠራል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ምሳ ክፍል ውስጥ ፍርፍሬን ከፍቼ ልቀምስ ስል በሩ ላይ ብቅ አለ። ታዲያ ዝም ልበል? «ና እንብላ ግሬግ» አልኩት በሱ ቋንቋ። ፊቱ በራ። «እውነትሽን ነው?» አለና ሹካ ይዞ ቁጭ! በላ። ጥርግ አድርጎ በላ። እኔ ያን ቀን ከማሽኑ ብስኩት ገዝቼ ዋልኩ። በሳምንቱ መጥቶ «ያ ነገር በጣም ጥሩ ነበር፣ ቃሪያው ብቻ ትንሽ በዛ» አለኝ። ምን ብለው ጥሩ ነው? ይቅርታ ጠየቅሁታ!

ይህን ያነሳሁት በግሬግ ልፈርድ ብዬ አይደለም። ሰውየው ተጋበዘ፣ በላ። ያነሳሁት ስለ ሞናኮ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው።

ቆይ ግን፣ ከሞናኮ በፊት ስለ ሕሊናዬ። ባለቤቴ ተስፋይ «ያንቺ ሕሊና ኦቨርታይም ይሠራል» ይለኛል። እውነቱን ነው። መኪና ማቆሚያ ውስጥ በሩ አጠገብ ያለው ቦታ ባዶ ከሆነ፣ ከኋላዬ የሚመጣው ሰው ጉልበቱን ቢያመውስ ብዬ ዳር ድረስ እሄዳለሁ። በረዶ ሲጥል የራሴን ደጅ ብቻ ጠርጌ መግባት አልችልም፤ የጎረቤቴን ጫፍ ነካ ካላደረግሁ ይቆጠቁጠኛል። ስልክ ደውሎ የማልፈልገውን ነገር የሚሸጥልኝ ሰው እንኳ ሳይከፋው እስኪዘጋ እጠብቃለሁ። የሚጣፍጥ ነገር ስበላ ያልበላው ሰው ይታየኛል፤ ስስቅ ያልሳቀው። ይህ ደግነት እንዳይመስላችሁ። ደግ ሰው ሲሰጥ ደስ ይለዋል። እኔ የምሰጠው ጭንቀቱ እንዲለቀኝ ነው።

እንግዲህ ወደ ሞናኮ።

የቢሮዬ ኮምፒውተር ጠዋት ሲከፈት አንድ ፎቶ ያሳያል። ለሁላችንም ያው አንድ ፎቶ ነው። ሰማያዊ ባሕር፣ ከባሕሩ የወጣ አለት፣ አለቱ ላይ ነጣ ያለ ቤተ መንግሥት። ባልደረቦቼ የይለፍ ቃላቸውን መታ መታ አድርገው ያልፉታል። እኔ አየዋለሁ። ሰማዩ ነጭ፣ መንገዱ ነጭ፣ የመኪናዬ መስታወት ነጭ በሆነበት በፌብሩዋሪ ወር እንደዚያ ያለ ሰማያዊ ነገር ማየት ሰውን ምን እንደሚያደርገው እዚህ የከረመ ያውቀዋል። አንድ ቀን የት እንደሆነ ፈለግሁ። ሞናኮ! ሯጮቻችን የሚሮጡባት ሞናኮ። በሜዲትራኒያን ዳር ያለች፣ በእግር ተጀምራ በእግር የምታልቅ አገር። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ዛሬም ልዑል ይኖርበታል። በሙቀቱ ወራት ክፍሎቹን ለጎብኚ ይከፍታሉ። እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ዘበኞቹ በሰልፍ ይቀያየራሉ። ልዑሉ ቤት ካለ ባንዲራው ይሰቀላል። ይህን ሁሉ ያጠናሁት ደንበኛ «አንዴ ጠብቂኝ» ብሎ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥብኝ ነው።

ለኔ ቤተ መንግሥት ማለት አጥር ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይገባዋል። ታክሲው በአጥሩ ጎን ሲያልፍ እናቴ እጄን ከመስኮቱ ታወርደው ነበር። ምንም አላደረግሁም እኮ፣ ዛፍ ሳሳይ ነው። «አትጠቁሚ!» ትለኛለች በሹክሹክታ። ስለዚህ አንድ ልዑል ቤቱን ከፍቶ፣ ኑ፣ መጋረጃዬን እዩ፣ አልጋዬን እዩ፣ በጣታችሁም ጠቁሙ ሲል ማመን አቃተኝ። ተመኘሁ።

ግን የተመኘሁት ቤተ መንግሥቱን ብቻ አልነበረም። እያፈርኩም ቢሆን ልናገረው። ቤተ መንግሥቱን ከተስፋይ ጋር። ሁለታችን ብቻ።

ተስፋይ ብሩክሊን ፓርክ መጋዘን ውስጥ ሰከንድ ሺፍት ነው የሚሠራው። እኔ ስወጣ እሱ ተኝቷል፤ እሱ ሲገባ እኔ ተኝቻለሁ። የምንገናኘው በቴክስት ነው። «ወተት አልቋል።» «ገዛሁ።» «የመኪናሽ ጎማ አየር ጎድሎታል።» «አየሁት።» ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ለቅሶ አለ፣ ልደት አለ፣ ክርስትና አለ፣ ቤት የሚቀይር ሰው ሶፋ አለ። የዓመት ፈቃድ ካገኘን አገር ቤት ነው የምንሄደው፤ እሱ ደግሞ ፈቃድ ሳይሆን የሰው ዕቃ ማመላለስ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከሠርጋችን ወዲህ ሁለታችን ብቻ ሆነን የት ሄድን ብዬ ሳስብ፣ ትዝ የሚለኝ ሆስፒታል ነው። እሱም ልጃችን ሶልያና ልትወለድ ስትል ነው፤ ስንመለስ ሦስት ነበርን።

እና አንድ ጠዋት ጻፍኩለት። «በሜይ አንተና እኔ ብቻ ሞናኮ ብንሄድስ? ባሕር ዳር ያለ ቤተ መንግሥት አለ።» መልስ የለም። ምሳ ሰዓት ደረሰ፣ የለም። ሞኝነቴ ነው፣ ተቆጣ፣ ምናምን እያልኩ ቆይቼ ልወጣ ስል ስልኬ ጮኸ። «ጥሩ ነው። ነጭ ሸሚዝ አለኝ።»

መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት። ነጭ ሸሚዝ አለኝ! ተስፋይን ለማያውቅ ሰው ይህ ስለ ልብስ ሊመስለው ይችላል። ለተስፋይ ግን ግጥም ነው።

ደስታዬ የቆየው ቤት እስክደርስ ነው። በሩን ስከፍት አደይ ተቀምጠዋል።

አደይ የተስፋይ እናት ናቸው። ስማቸው ለተብርሃን ነው፤ «አደይ» በትግርኛ እናቴ ማለት ስለሆነ እኔም እንደ ልጃቸው እንደዚያ እላቸዋለሁ። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ዛሬም የተጣመመ ፊደል ካዩ የሚቆጡ ሴት ናቸው። አብረውን ነው የሚኖሩት። ያን ቀን ሶፋው ላይ ሆነው በመስኮት በረዶውን ያያሉ። ብቻቸውን። ሕሊናዬ ካፖርቴን ሳላወልቅ ሥራ ጀመረ። እኔ ባሕር ዳር ስንሸራሸር እኚህ ሴት እዚህ ሶፋ ላይ?

«አደይ፣ እኔና ተስፋይ ለዕረፍት ሞናኮ ልንሄድ ነው፤ ቤተ መንግሥት ልናይ» አልኩ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። «እርስዎም አብረውን ይሂዱ እንጂ!»

እንግዲህ ደንቡን ታውቃላችሁ። አደይ «አይ ጓለይ፣ እኔ አሮጊቷ ምን አደርጋለሁ፣ እናንተ ተዝናኑ» ይላሉ። ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው። እኔ «ኧረ ይሂዱ» እላለሁ። እሳቸው «ጉልበቴ» ይላሉ። እኔ «ዊልቸር አለ» እላለሁ። እሳቸው በሰላም ተመለሱ ብለው ይመርቁኛል። እኔም ጋብዤ፣ ተመርቄ፣ ሕሊናዬ አርፎ ከባሌ ጋር እሄዳለሁ።

አደይ አየት አደረጉኝና «ኦኬ» አሉ።

«ኦኬ?»

«ኦኬ። ፓስፖርቴ ከመሳቢያው ውስጥ አለ።»

ይህቺ አገር ትልልቆቻችንን እንዴት አድርጋ እንዳበላሸቻቸው አያችሁ?

ለተስፋይ ጻፍኩለት። «አደይም አብረውን ሊሄዱ ነው። ደስ አይልም?» ትንሽ ቆየና «እሺ» አለ። እናቱ አይደሉ እንዴ? ደስ ያለው መሰለኝ።

ቅዳሜ ሻንጣ ልገዛ ከድጃ ጋ ሄድኩ። ከድጃ የደሴ ልጅ ናት፣ ጓደኛዬ። ክሪስታል የምትባል ጎረቤት ከተማ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ቅመም ብትሉ፣ ሻርፕ ብትሉ፣ ሻንጣ ብትሉ፣ የስልክ ቻርጀር ብትሉ አለ። ምክርም አለ፣ ሳይጠየቅም ይሰጣል። የት ልሄድ እንደሆነ ስነግራት «እሰይ! አንቺ ሴት፣ ባልሽን ይዘሽ ባሕር ዳር! ማሻ አላህ!» ብላ እቅፍ አደረገችኝ። በትከሻዋ በኩል ወለሉን አየሁት። የካርቶን ክምር። ጠዋት ከፍታ ማታ የምትዘጋ፣ ካርቶን ስትቆርጥ የምትውል ሴት። እንዴት ዝም ልበል?

«ከድጃ፣ እንሂድ እንጂ!»

«እኔ?»

«አንቺ ነሻ! አደይም አሉ።»

ከድጃ መቁረጫዋን እንደያዘች ትክ ብላ አየችኝ። ያ አስተያየት ምን እንደነበር ያኔ አልገባኝም። «ይሁን፣ እስኪ አስብበታለሁ» አለች። ተመስገን አልኩ በሆዴ። አስብበታለሁ ያለ ሰው የት ይሄዳል? በማግስቱ ደውላ «ሱቁን ለወንድሜ ልጅ ተውኩለት፣ መጣሁ» አለችኝ።

ሦስተኛውን እንዴት እንደጋበዝኩ እኔም አላውቅም። የሻንጣው ጎማ አልዞር ብሎ ልቀይር ስመለስ ሐጂ እድሪስ ሱቁ ውስጥ ቆመዋል። ሐጂ እድሪስ ኤርትራዊ ናቸው፤ ብዙ ዘመን ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። በኛ ሰፈር ሁለት ሰው ከተኳረፈ፣ ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። አትሌቲክስም ይከታተላሉ።

«ሞናኮ? ማን ሊሮጥ ነው?» አሉኝ።

«ማንም አይሮጥም ሐጂ። የልዑሉን ቤተ መንግሥት ልናይ ነው።»

«ታውቁታላችሁ?»

«አናውቀውም።»

«ታዲያ የማታውቁት ሰው ቤት ምን ታደርጋላችሁ?»

«ክፍሎቹን እናያለን። መጋረጃውን፣ ምንጣፉን።»

«እሱ አይኖርም?»

«ቢኖርም አይወጣም።»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህን ያህል እንግዳ ቤቱ ገብቶ ሲወጣ ሰላም የማይል ልዑል!»

ሳቅሁ። ስስቅ ግን ልጆቻቸው ሁሉም ቴክሳስ እንደሆኑ ትዝ አለኝ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። «ሐጂ፣ እርስዎም ይምጡ፣ እንሂድ!» ወጣብኝ። እንደ ማስነጠስ ነው፤ አይያዝም። ሐጂ ከድጃን አዩ። ከድጃ ሐጂን አየች። ከዚያ ቀስ ብለው «እሺ ልጄ» አሉ። «አንቺ ካልሽ እመጣለሁ። ብቻሽን አንተውሽም።»

ብቻሽን አንተውሽም? ከባሌ ጋር አይደል እንዴ የምሄደው? መጠየቅ ነበረብኝ። ሕሊናዬ ግን ሥራውን ጨርሶ እየተንፈላሰሰ ስለነበር አእምሮዬን የቀሰቀሰው አልነበረም።

ቤት ስገባ ሶልያና ሰምታ ጠበቀችኝ። «ማም፣ ሁ ኢዝ ኔክስት? ግሬግ?» አለች። ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ አልኩ። ምክንያቱም ለግሬግም ብዬዋለሁ። ኮምፒውተሬ ላይ ፎቶውን ሲያይ ነው ያመለጠኝ። ግሬግ «አመሰግናለሁ፣ አይ፣ ባሕር ያዞረኛል» ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ከዚያ ሁሉ ሰው እምቢ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ምሳዬን የበላው!

ከዚያ ወዲያ ዝግጅቱ ከኔ እጅ ወጣ። ቤተ መንግሥቱ አለት ላይ ነው፤ አለት ማለት ዳገት ነው። ከድጃ በሊፍት ይወጣል ትላለች፣ ሐጂ የከተማ አውቶብስ መኖር አለበት ይላሉ። የሆቴሉ ክፍል ምድር ቤት እንዲሆን ሐጂ ፈለጉ። ከድጃ በአካባቢው የሐላል ምግብ ቤት ፈልጋ አገኘች፤ ደውላም አረጋገጠች፣ በምን ቋንቋ እንደሆነ እንጃ። አደይ ደግሞ ለዳገቱ ብለው ከቤዝመንት ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ቤዝመንት መመላለስ ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት ለሥራ ስለባብስ ኮቴያቸውን እሰማለሁ። «አደይ፣ ይረፉ» ስላቸው «ልዑሉ ቤት እያለከለክሁ ልግባ?» ይሉኛል። አዲስ ጫማ አስገዝተውኝ ቤት ውስጥ እያደረጉ ያለማምዱታል።

የተስፋይ ቴክስት ግን እያጠረ መጣ። ስለ አደይ ስጽፍለት «እሺ» ነበር። ስለ ከድጃ «ኦኬ» ሆነ። ስለ ሐጂ አውራ ጣት ብቻ ላከ። አውራ ጣት ስምምነት ነው ብዬ አለፍኩ። አንድ ቅዳሜ ወጥ ቤት ውስጥ ራሱን ፍሪጅ ውስጥ አስገብቶ፣ ምንም ሳያወጣ፣ «ሰው ከበዛ እኔ ልቅር። ሺፍቴን የሚሸፍንልኝ ሰው አላገኘሁም» አለኝ።

ነጭ ሸሚዝ አለኝ ያለው ሰውዬ!

አንተ ከቀረህ ማን ሊሄድ ነው? ሁሉም ይቅር፣ ቤተ መንግሥቱም ይፍረስ፣ እኔ የፈለግሁት አንተን አይደል ወይ? ይህን ሁሉ በሆዴ አልኩ። በአፌ ያልኩት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «እንደተመቸህ።» ለግሬግ ይቅርታ የሚጠይቅ፣ በስልክ ለሚሸጥልኝ ሰው የሚራራ አፍ ለባሌ ሲሆን የሚያወጣው «እንደተመቸህ» ነው። እሱም ፍሪጁን ዘግቶ ወጣ። ያን ቀን ከኔ ጋር መሄድ እንደማይፈልግ እርግጠኛ ሆንኩ። አደይ ሳሎን ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል።

«እሁድ እንሰብሰብ» አሉ አደይ ሰኞ ዕለት። ስለ ጉዞው መሰለኝ። ሳምቡሳ ጠበስኩ፣ ሻይ አፈላሁ፣ የቤተ መንግሥቱን ካርታ ቴሌቪዥኑ ላይ አወጣሁት።

ሐጂ በሙሉ ልብስና በከረባት መጡ። ለጉዞ ስብሰባ ከረባት? ከድጃ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘች፤ አልለቅም አለች። አደይ ወንበራቸውን አምጥተው በኔና በተስፋይ መሃል አስገቡት። ተስፋይ ምንጣፉን ያያል። እኔ «እንግዲህ ከኒስ አውሮፕላን ማረፊያ በባቡር ነው» ብዬ ስጀምር ሐጂ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ ልጄ። መጀመሪያ ፈጣሪን እናመስግን።»

አመሰገንን።

«ትዳር» አሉ ሐጂ፣ «ቀላል ነገር አይደለም። በቤተ መንግሥትም ቢሆን በኪራይ ቤትም ቢሆን።»

ራሴን ነቀነቅሁ። ስለ ቤተ መንግሥቱ አንብበው የመጡ መሰለኝ።

«ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖረ ሊራራቅ ይችላል።»

አሁንም ነቀነቅሁ። ያን ያህል ክፍል ባለበት ቤት እንዴት አይራራቅ!

«እንግዲህ ገነት ልጄ፣ ሳታፍሪ ንገሪን። ምን በደለሽ?»

«ማን?»

«ባልሽ።»

ሳምቡሳው እጄ ላይ ቀረ። «ኧረ ምንም አልበደለኝም!»

«ታዲያ ለምን ትሸሺዋለሽ?» አለች ከድጃ እጄን ጨበጥ አድርጋ። «ባሏን የምትወድ ሴት ባሕር ዳር ስትሄድ ሰው ታስከትላለች? አማቷን፣ ባለሱቋን፣ ጡረተኛውን? ያን ቀን እንሂድ ስትዪኝ እኮ ክው ነው ያልኩት። ይህቺ ልጅ ከሱ ጋር ብቻዋን መሆን ፈርታለች አልኩ። እንዴት ጥዬሽ ልቅር?»

«እኔና አውሮፕላን የተቆራረጥን ሰዎች ነን» አሉ ሐጂ። «ቴክሳስ ልጆቼ ጋ እንኳ በአውቶብስ ነው የምሄደው። ግን ልጅ ስትለምነኝ እምቢ ልበል?»

«እኔ የለመንኩዎት እኮ እምቢ ይሉኛል ብዬ ነው!»

ደረጃው ላይ የተደበቀችው ሶልያና ስትስቅ ተሰማ።

«እምቢ እንድልሽ ለመንሽኝ?» አሉ ሐጂ።

«ለሕሊናዬ ነዋ! እኔ የፈለግሁት ሁለታችን ብቻ እንድንሄድ ነበር። አደይን ሶፋው ላይ ሳይ አሳዘኑኝ። ከድጃ ካርቶን ስትቆርጥ አሳዘነችኝ። እርስዎም ብቻዎን...»

«እኔ ምኔ ነው የሚያሳዝነው?» ሐጂ ተቆጡ። «ከዚህ ቤት ሰው ሁሉ በላይ ደልቶኝ የምኖር ሰው ነኝ! የፈለግሁትን ሩጫ አያለሁ፣ በፈለግሁት ሰዓት እተኛለሁ!»

«እኔንስ ማን አዘኝልኝ አለሽ?» አለች ከድጃ። «ካርቶን መቁረጥ እወዳለሁ። ያሳርፈኛል!»

ሐጂ ከረባታቸውን ላላ አደረጉ። «በዘመኔ የተጣላ ብዙ አስታርቄያለሁ። ያልተጣላ ሲገጥመኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ይህ ደግሞ ከባድ ነው፤ አንዱም ለአንዱ የሚተውለት ነገር የለም።» ሻይ ጠጡ። አሰቡ። «ቢሆንም ከመጣን አይቀር ሥርዓቱን እንጨርስ። ተስፋይ፣ አንተስ? ምን ትፈልጋለህ?»

ተስፋይ ስለ ራሱ ከሚናገር የመጋዘኑን ዕቃ ሁሉ በጀርባው ቢያመላልስ ይመርጣል። ሽማግሌ ፊት ግን ዝም አይባልም። ጉሮሮውን ጠረገ። ዓይኑን ከምንጣፉ ሳያነሳ፣ ለምንጣፉ እየነገረ፣ እንዲህ አለ።

«ቤተ መንግሥቱ ጉዳዬ አይደለም። ሁለታችን ብቻ እንሂድ ስትለኝ የምመልሰው ጠፍቶኝ ዋልኩ። ከደስታ ነው። ከዚያ በየቀኑ ሰው ስትጨምር፣ ከኔ ጋር ብቻዋን ሆና ምን ልናወራ ነው ብላ ፈርታለች አልኩ። ልክ ናት፣ ወሬ አላውቅም። እኔ ግን ከሷ ጋር ዝም ብዬ መቀመጥም ይበቃኛል።»

ከድጃ እጄን ለቀቀችው፤ ዓይኗን ልትጠርግ ነው። እኔማ አትጠይቁኝ። ይህን ያህል ዘመን አብሬው ስኖር ይህን አንድም ቀን አልሰማሁም። በቴክስትም አልመጣም።

«ተወስኗል» አሉ ሐጂ። «ሁለታችሁ ትሄዳላችሁ። ሰው አይጨመርም።»

«እኔስ?» አሉ አደይ።

ሁላችንም ዞርን።

«እናንተ እሺ ያላችሁት ለይሉኝታ ነው። እኔ እሺ ያልኩት መሄድ ስለፈለግሁ ነው። ተጠየቅሁ፣ ፈለግሁ፣ እሺ አልኩ። ጥፋቴ ምንድን ነው?»

እውነታቸውን እኮ ነው። እኔም እግራቸውን አየሁ፤ አዲሱን ጫማ አድርገዋል። ሕሊናዬ ከተኛበት ብድግ ሊል ሲል አደይ ራሳቸው ቀደሙት። «ግን ልጄ ያን ከተናገረ በኋላ መሃላቸው ተቀምጬ ባሕር አላይም። አፍራለሁ።»

ከድጃ አላስቻላትም። «ግድ የለም አደይ፣ እኔና እርስዎ በሌላ ጊዜ እንሄዳለን» አለቻቸው።

«መቼ?» አሉ አደይ።

ይኸው ከድጃ አሁን ለሴፕቴምበር ሱቅ የሚጠብቅላት ሰው እያፈላለገች ነው። አደይም ደረጃቸውን አላቆሙም።

ሰዎቹ ሲሄዱ ተስፋይ ብርጭቆ ያጥብ ጀመር። አጠገቡ ቆምኩ። «እውነትህን ነው ያልከው?»

«ምኑን?»

«ለምንጣፉ የነገርከውን።»

ውሃውን ከፈት አደረገው። «ሐጂ ፊት ልዋሽ እንዴ?» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ አንዲት ቃል አልወጣውም።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ሁሉ፣ እንግዲህ ተማርሽ፣ ከልብሽ ያልሆነ ግብዣ አትጋብዢ ይለኛል። ሶልያናም የምትለው ያንኑ ነው። ታዲያ ልዋሻችሁ? ከልቤ ብቻ ብጋብዝ ኖሮ እኔና ተስፋይ በጸጥታ ትኬት ቆርጠን፣ በጸጥታ ባሕር ተሻግረን፣ የልዑሉን መጋረጃ በጸጥታ አይተን እንመለስ ነበር። እሱ ሸሚዙን ለብሶ ዝም፣ እኔ ሻርፔን ለብሼ ዝም። ያቺን ቃል መቼ እሰማት ነበር?

ትኬቱ ተቆርጧል፣ የሁለት ሰው። ሐጂ እድሪስ ግን ጉዳዩን አልዘጉትም። ያስታረቀ ሰው መከታተል አለበት ብለው፣ ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ፎቶ ተነስተን እንድንልክላቸው አዘዋል። ዘበኞቹ ከኋላ፣ እኛ ከፊት፣ ተጠጋግተን። ተራርቀን ከታየን ስንመለስ እንደገና እንቀመጣለን፣ ተስፋይም እንደገና ይጠየቃል ብለዋል።

እኔም አስቤበታለሁ። ተጠጋግተን የምንነሳውን ለራሴ አስቀምጣለሁ። ለሐጂ የምልክላቸው ራቅ ራቅ ብለን የቆምንበትን ነው።